ዘንዶውን ያነገሠው ማን ነው?

የሚኒሶታ ክረምት ሰውን ቤቱ ይከተዋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት በረዶው ጣሪያውንም፣ መኪናውንም፣ የሰውንም ሐሳብ ይጫነዋል። እንዲህ ባለ አገር ጨዋታ ቢፈለሰፍ አይገርምም። ዛሬ በመላው ዓለም ሚሊዮኖች የሚጫወቱት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ግማሽ ልደቱ እኔ ባደግሁበት በሴንት ፖል ከተማ መሆኑን የሰማሁት ግን ጨዋታው ከገባኝና ከወደድሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1969 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ዴቪድ ዌስሊ የሚባል የዚያው አካባቢ ሰው የናፖሊዮን ዘመን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ሲያጫውት አንድ አዲስ ነገር አደረገ። ተጫዋቾቹን የጦር አዛዥ ብቻ ከማድረግ ይልቅ ብራውንስታይን በምትባል የፈጠራ ከተማ ውስጥ አንዱን ከንቲባ፣ ሌላውን ባለባንክ አደረጋቸው። ከጓደኞቹ አንዱ ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወስዶ ሴንት ፖል በሚገኘው በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ብላክሙር የሚባል የአስማትና የጭራቅ ዓለም ፈጠረበት። ኋላ ከዊስኮንሲኑ ጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆነው በ1974 ሕጉን አሳተሙ። የመጀመሪያው እትም 1000 ቅጂ ብቻ ነበር።

ከብላክሙር ወሬዎች ሁሉ የምወደው የሰር ፋንግን ነው። ሰር ፋንግ አንድ ተጫዋች የያዘው ገጸ ባሕርይ ነበር፤ ቫምፓየር ሆነና የገዛ ባልንጀሮቹ የማይችሉት ጠላት ወጣው። እሱን የሚመክት ሲፈለግ ሌላው ተጫዋች በእምነቱ ኃይል የሚዋጋ ቄስ ይዞ መጣ። ዛሬ በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ክለሪክ ተብሎ የተቀመጠው የጀግና ዓይነት አመጣጡ ይኸው ነው። አንድ ጥሩ ጠላት የጨዋታውን ሕግ እስከ ማስለወጥ ይደርሳል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ዲኤም ይባላል፤ አገሩን፣ ሕዝቡን፣ ጭራቁን፣ ጠላቱን ሁሉ የሚይዘው እሱ ነው። ሌሎቹ አንዳንድ ጀግና ይይዛሉ። ዲኤሙ የሆነውን ይነግራቸዋል፤ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል። ታሪኩ ከሳምንት ሳምንት እየተቀጠለ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይሄዳል። ይህን ዘመቻ ይሉታል። ዘመቻው ሲያልቅ ዋናው ጠላት ይጠብቃል።

እኔ ከእናቴ ጋር ሴንት ፖል የገባሁት በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ነው። በ2014 ሰኔ ወር ላይ ሴንት ፖልን ከጎረቤት ከተማዋ ጋር የሚያገናኘው ግሪን ላይን ባቡር በዩኒቨርሲቲ ጎዳና መሄድ ጀመረ። በዚያው ሰሞን የጨዋታው አምስተኛ እትም ወጣ። ለእኔ ሁለቱ ዜናዎች አንድ ሆነው ነው የሚታወሱኝ፤ ባቡሩ ወደ ቤተ መጻሕፍት ወሰደኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጠረጴዛው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ህሞንግ ልጅ፣ አንዲት ሶማሌ ልጅ፣ አንድ ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ የአገሬው ተወላጅ፣ ዲኤም ደግሞ አንድ የኮሌጅ ተማሪ። ሴንት ፖልን የሚያውቅ በዚህ ስብጥር አይደነቅም።

እንግሊዝኛዬ ገና ይንተባተብ ነበር። ክፍል ውስጥ መምህር ጠይቆኝ ቃል ስፈልግ ሌላው ልጅ እጁን ያወጣል። እዚህ ግን ዲኤሙ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» አለና ጠበቀኝ። ሌሎቹም ጠበቁኝ። ተራው የእኔ ስለሆነ ማንም ሊነጥቀኝ አይችልም። በሩን እንደምከፍተው ለመናገር የፈጀብኝን ጊዜ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ከፈትሁት ግን።

በሩን ከከፈትሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ስትራድን አገኘሁት።

ዲኤማችን ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው አሮጌ መጽሐፍ ነበረው፤ በ1983 የወጣ፣ ሬቨንሎፍት የሚባል፣ ትሬሲና ሎራ ሂክማን የተባሉ ባልና ሚስት የጻፉት። ጠላቱ ካውንት ስትራድ ፎን ዛሮቪች ነው። ታትያና የምትባለውን የወንድሙን እጮኛ ወድዶ ወንድሙን ገደለ፤ እሷ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ራሷን ወረወረች፤ እሱ ቫምፓየር ሆኖ በራሱ አገር ታስሮ ቀረ። መጽሐፉ አንድ ብልሃት አለው። ገና በጊዜ አንዲት ጠንቋይ ለተጫዋቾቹ ካርታ ትጥልላቸዋለች፤ ስትራድን የሚያሸንፈው መሣሪያ የት እንደተደበቀ፣ እሱም በመጨረሻ የት እንደሚገኝ የሚወሰነው በወጣው ካርታ ነው። ስለዚህ ሁለት ቡድን አንድ ዓይነት ፍልሚያ አያገኝም።

እኔን የያዘኝ ግን ካርታው አይደለም። ስትራድ ገና ደካሞች ሳለን መጣ። ሊገድለን ይችል ነበር፤ ሰላም ብሎን፣ በየስማችን ጠርቶን፣ ትናንት ያደረግነውን አንድ በአንድ ነግሮን ሄደ። ሰይፈኛችን፣ ያ ረጅሙ ልጅ፣ ጠረጴዛው ሥር እግሩን ሲያርገፈግፍ ትዝ ይለኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምንወስነውን ሁሉ «እሱ ይህን ቢሰማ?» እያልን ነበር። የመጨረሻው ፍልሚያ ሲደርስ ከጠላት ጋር ሳይሆን ከምናውቀው ሰው ጋር ሒሳብ ልናወራርድ ነው የገባነው።

ሂክማኖች ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ ያነሣሣቸው አንድ ጨዋታ እንደሆነ በኋላ አነበብሁ። ትሬሲ ሂክማን በአንድ ዋሻ ውስጥ በር ሲከፍት ያለ ምንም ምክንያት ቫምፓየር ቆሞ ያገኛል። ይኼ እዚህ ምን ይሠራል? ስትራድ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የኮሌጁ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ከከተማው ሲሄድ የዲኤሙ ወንበር ለእኔ ደረሰ። ያኔ ነው እማዬ ወደ ታሪኩ የገባችው።

እማዬ ስለ ጨዋታው ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሰምታ ኖሯል፤ የሰማችው ደግሞ ደግ አልነበረም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይህ ጨዋታ ልጆችን ለሰይጣን ይሰጣል ተብሎ ብዙ ጩኸት ተነሥቶ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ በ1989 ባወጣው እትም ሰይጣንና ጋኔን የሚሉትን ስሞች እስከ ማውጣት ደርሷል። የዚያ ወሬ ጭራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እኛ ቤት ገባ። እማዬ አልተቆጣችም። አንድ ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድፎ ዳቦ በእጇ ይዛ ቤተ መጻሕፍቱ መጣችና ጥግ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ዳቦውን ጨረሱት። እሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ማታ ባቡር ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ይኼ የምትገድሉት ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«ክፉ ነው፣ እማዬ።»

«ክፉ መሆኑንማ ሰማሁ። ማን አነገሠው ነው የምልህ።»

መልስ አልነበረኝም፤ እሷ ግን ነበራት። ስለ አርዌ ነገረችኝ። ከነገሥታቱ በፊት በአክሱም አገር ነግሦ ስለነበረው ዘንዶ፣ ሕዝቡ ልጃገረድና ከብት ይገብርለት ስለነበረው። አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ ገደለውና ሕዝቡ በምትኩ አነገሠው፤ በአንዳንዱ አተራረክ የንግሥተ ሳባ አባት እሱ ነው። አዲስ አበባ ለቱሪስት የሚሸጠውን፣ የንግሥቲቱን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል የሚያሳየውን ሥዕል ያየ ሰው መጀመሪያ ላይ ያለውን ዘንዶ ያስታውሰዋል። እኔም ልጅ ሳለሁ አይቼዋለሁ፤ ቀለሙን እንጂ ነገሩን አላሰብሁትም ነበር።

«ዘንዶ ዝም ብሎ አይነግሥም» አለች እማዬ። «የሚገብርለት ሲኖር ነው።»

የመጀመሪያ ዘመቻዬን የሠራሁት በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ጠላቴን የምንጩ ጌታ አልሁት። በድርቅ ዘመን የአንድ ደጋ አገር ሽማግሌዎች ተራራው ውስጥ ወዳለው ዘንዶ ሄደው ውኃ ለመኑት። ሰጣቸው። በምትኩ ውል አሠራቸው፤ በየዓመቱ ግብር ይመጣል፣ ግብሩንም እሱ ራሱ በአፉ ይበላል። ከፍየል የጀመረው ግብር ዓመት በዓመት እየከበደ ሄደ። እንግዲህ ይህ ጠላት ውሸታም አይደለም፤ ቃሉን ጠብቋል። እሱ ሲሞት ምንጩ ምን ይሆናል? ፍልሚያው ገና ሳይጀመር ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

በመጀመሪያው ቀን ጀግኖቹ መንገድ ላይ ግብር ሰብሳቢዎችን አገኙ፤ ፍየል እየነዱ። ፍየሏን ነጥቀው ነጻ አወጧት፤ ፕሮፌሰር ብለው ስም አወጡላት፤ ከዚያ ወዲያ አልተለየቻቸውም። እኔ እንዲህ አላቀድሁም፤ ዲኤም የዘራውን ሳይሆን የበቀለውን ነው የሚያጭደው።

የምንጩ ጌታ እንደ ስትራድ ከሩቅ ያውቃቸው ዘንድ ፈለግሁ። ስለዚህ ባሸነፉ ቁጥር ስጦታ ይልክላቸዋል። ሰይፈኛው ወንዝ ውስጥ የጠፋበት የአባቱ ሰይፍ ተወልውሎ፣ በሐር ተጠቅልሎ በመልእክተኛ መጣለት። ልጁ ደስ ብሎት ተቀበለ፤ ሰይፉን በመዘዘ ቁጥር ግን የማን ውለታ እንደሆነ ያስታውሰዋል። በጠላት ላይ የሚመዘዝ የጠላት ስጦታ ከየትኛውም የማስፈራሪያ ንግግር ይበልጣል።

ንግግርን ካነሣን፣ ተጫዋች የጠላትን ዲስኩር አይሰማም። ጠላቱ «እናንተ የዋሆች...» ብሎ ሲጀምር አንዱ ቀስት ይለቃል። ለዚህ መላ ያገኘሁት ከሕጉ ውስጥ ነው። አምስተኛው እትም ለታላላቅ ጭራቆች ሌጀንደሪ አክሽን የሚባል ነገር ሰጥቷቸዋል። ምክንያቱን በአማርኛ ተረት ማስረዳት ይቀላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አራት ጀግኖች በአንድ ዙር አራት ጊዜ ሲመቱ ጠላት አንዴ ብቻ ከመታ፣ የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን በሦስት ዙር ያልቅለታል። ስለዚህ ሌላው ተራውን ሲጨርስ ጠላቱ ጣልቃ እየገባ በዙር እስከ ሦስት ጊዜ ጥቂት ነገር እንዲያደርግ ተፈቀደለት። እኔ በእያንዳንዱ ጣልቃ መግባት አንድ ዓረፍተ ነገር አስናገርሁት። ጅራቱን ሲያወናጭፍ «አያቶቻቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ነው የለመኑኝ» ይላል። ሲናደፍ «የጠጣችሁት ውኃ የእኔ ነው» ይላል። ዲስኩሩ ከምቱ ጋር ስለሚመጣ የሚያቋርጠው አልተገኘም።

ቦታውም ይዋጋል። ለዚህም በዚያን ጊዜ ሌር አክሽን የሚባል ሕግ ነበረ፤ ጠላት በገዛ ቤቱ ሲዋጋ በየዙሩ ቤቱ ራሱ አንድ ነገር ያደርግ ነበር። በእኔ አዳራሽ በየዙሩ ውኃው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ጠላቱ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ያዘዋል፤ ከውኃው ከወጣ ውኃው አይሰማውም። ይህን ለማንም አልነገርሁም፤ ግን ከበራፉ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ተስሏል፣ ማየት ለፈለገ።

መፍትሔውንም አዘጋጅቻለሁ። አንዲት መድኃኒት ቀማሚ አሮጊት መርዝ ቅጠል ሰጥታቸዋለች፤ ፍየሏም አብራቸው አለች። የአንጋቦ ታሪክ ሊደገም ነው።

ያን የመጨረሻ ሌሊት የተጫወትነው እኛ ቤት ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ በጊዜ ይዘጋል። እማዬ ቡና አፍልታ፣ ለልጆቹ ሻይ ቀድታ ከማድ ቤት ታዳምጣለች። ቅጠሉ ከቦርሳ ወጣ፤ ለማን እንደሚሰጥ ሁሉም ገባው። ሰይፈኛው ተነሥቶ ቆመ።

«ፕሮፌሰርን? በፍጹም!»

ቅጠሉ ወደ ቦርሳው ተመለሰ። መፍትሔዬ አብሮ ገባ።

ፍልሚያው ከበዳቸው። ውኃው ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ ደረሰ። አስማተኛው፣ ያ ዝምተኛው ህሞንግ ልጅ፣ ትንንሽ አስማት እየደጋገመ ይጥላል፤ የምንጩ ጌታም ሌጀንደሪ ሬዚስታንስ በሚባለው ሕግ ያከሽፋል። ይህ ለጠላት የሚሰጥ መከላከያ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ልጁ ትልቁን አስማት ደብቆ ሦስቱን እያስጨረሰኝ መሆኑ የገባኝ ሦስተኛውን ከተጠቀምሁ በኋላ ነው።

ሌባዋ፣ ያቺ ሶማሌ ልጅ፣ እስከዚያ አንድም ጊዜ አልመታችም። ተራዋ ሲደርስ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ግብሩን ራሱ ነው የሚበላው?»

«አዎ፣ ውሉ እንደዚያ ይላል።»

«በሰው ቢላክለት?»

«አይሆንም።»

«የቀረበለትን ግብር አልበላም ማለትስ ይችላል?»

ውሉን አሰብሁት። ግብር ያልተቀበለ ንጉሥ ንግሥናውን እንደተወ ይቆጠራል። «አይችልም» አልሁ።

ፍየሏን አቅፋ በደረጃው ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ ደረቁ ድንጋይ ላይ አሰረቻት። «ግብር ቀርቧል!» ብላ ጮኸች።

ዘንዶው ከውኃው መውጣት ነበረበት። ለካ የራሱ ውል ከመርዝ ይልቅ ይገድለዋል። ደረቅ መሬት ላይ ሲደርስ ውኃው ቆመ፤ አስማተኛው የደበቀውን፣ ሆልድ ሞንስተር የሚባለውን አስማት ለቀቀ፤ የሚያከሽፍበት አልቆ ነበር፤ ደረቀ። ሌባዋ ፍየሏ አጠገብ ጨለማ ውስጥ ተደብቃ ነበር። ሰይፈኛው የተላከለትን የአባቱን ሰይፍ አቀበላት። በደነዘዘ ጠላት ላይ ሁለት ዳይስ ይጣላል፣ ከፍተኛው ይወሰዳል፣ ከቅርብ ከተመታም የጉዳቱ ዳይስ በእጥፍ ይጣላል። ጣለች።

ከማድ ቤት እማዬ በአማርኛ «ሞተ?» ብላ ጮኸች። ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ሞተ!» አሏት።

ጨዋታው ግን አላለቀም። የምንጩ ጌታ ሲወድቅ ዘውዱ ደረጃው ላይ ተንከባለለ፤ የመጨረሻ ቃሉም አንድ ጥያቄ ነበረች፦ «ነገ ውኃውን ማን ይይዛል?» ሰይፈኛው ዘውዱን አነሣና ተመለከተው። እኔ አንጋቦን እየጠበቅሁ ነው። የተከተለው ክርክር ከፍልሚያው ይረዝማል። ሻዩ ሁለት ጊዜ ተፈላ። በመጨረሻ ሌባዋ አባቷ ስለ አገሩ የውኃ ጉድጓድ የነገራትን አመጣች፤ ጉድጓድ በተራ ነው፣ የዛሬ ባለተራ የነገን ያከብራል፣ ባለቤት የለውም። በዚህ ተስማሙ። ዘውዱስ? አንድ ራስ ላይ መቀመጥ አለበት፣ ውሉ ይላል። ፕሮፌሰር ላይ ደፉት። እማዬ ይህን ስተረጉምላት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበር ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የመጨረሻ ፍልሚያዎችን ሠርቻለሁ፤ ጀማሪ ዲኤሞችም የዋናውን ጠላት ቁጥር ይዘው ይመጡብኛል፤ የሕይወት ነጥቡ ይህን ያህል፣ ጉዳቱ ያን ያህል። ቁጥሩን አይላቸዋለሁ፤ ያስፈልጋል። ከዚያ ግን የእማዬን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ ማን አነገሠው? መልስ ያለው ሰው ቀሪውን ራሱ ያገኘዋል። ያነገሠው ፍርሃት ከሆነ ፍልሚያው ስለ ፍርሃት ይሆናል፤ ውል ከሆነ በውሉ ይጠለፋል፤ ረኃብ ከሆነ እሱ ከሞተ በኋላ ሕዝቡ ምን እንደሚበላ ማሰብ የግድ ነው። ጀግኖቹ የሚመቱት ያንን ነው፤ ጭራቁ አብሮ ይወድቃል። ያልተመለሰለት ጠላት ግን ስንት ራስ ቢኖረው፣ ስንት እሳት ቢተፋ፣ በሩ ኋላ ያለ ምክንያት ቆሞ የተገኘ ነው፤ ይገደላል፣ ይረሳል።

ሌባዋ ዛሬ የራሷ ጠረጴዛ አላት። በቅርቡ ለአዲስ ዘመቻዋ ተጫዋች ሆኜ እንድመጣ ጠራችኝ፤ ሄድሁ። ከምንጩ ጌታ መቶ ዓመት በኋላ ነው አሉ። ተራ የሚባለው ነገር ቀርቷል፣ የውኃ ግብር ተጥሏል፣ ግብሩን የምትሰበስበው አሮጊት ንግሥት ደግሞ ምግባሯ አይጣል ነው። ለሁላችንም ስጦታ ልካልናለች፤ የእኔ የመርዝ ቅጠል ነበር፣ በሐር የተጠቀለለ። ማን እንዳነገሣት መጠየቅ አላስፈለገኝም። በመጨረሻው ፍልሚያ ሁለት ቀንዷን ቀስራ መጣችብኝና በሁለተኛው ዙር ከሰገነቱ ወረወረችኝ።